ውሃ የጠጣ ድንጋይ

የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ድንጋያችንን እየገዛ አንቺ ወዳለሽበት አገር የሚመላለሰው ነጋዴ በእጄ ሲያስቀምጥልኝ ወፍራም ስለነበረ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የወፈረው ፖስታው ነው፤ ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ግን ያቺው አንድ ገጽ እንቅልፍ ነሣችኝ።

«አባዬ፣ ስትሸኘኝ ጣቴ ላይ ያደረግክልኝ የኦፓል ቀለበት ከፍቶበታል። ድንጋዩ አለ፤ እሳቱ ግን የለም። እንደ መስኮት መስታወት ከወዲያ ወዲህ ያሳያል። ያን ቀን ምን ብለኸኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። ታመሃል? እውነቱን ካልነገርከኝ ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ» ነው ያልሽኝ።

እኔ አልታመምኩም። ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ስላለበት አይደለም የምልሽ፤ እውነትም ደህና ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፣ ሌላው እንደነበረ ነው። ምላሴም እንደምታውቂው ነው፤ እሱ ቢታመም ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ እፎይ ይል ነበር። እውነቱን ጠይቀሻልና እነግርሻለሁ። ብቻ እንደ ልማዴ ከዳር ነው የምጀምረውና ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ስለ ድንጋዩ። ድንጋዩ አልሞተም፤ ውሃ ጠጥቶ ነው። ይህ የእኛ ኦፓል ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደረቅ ዳቦ ነው፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። ውሃ ካገኘ ይጠጣል። ሲጠጣ እሳቱ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ገዢ ከሰላምታ ቀጥሎ የምናገረው ይህንኑ ነበር፦ «እጅዎን ሲታጠቡ ያውልቁት።» አንድ ቀን እንኳ ዘንግቼው አላውቅም። መንገድ ላይ ደግሜ ለማላየው ሰው ሁሉ ነግሬ፣ ለገዛ ልጄ ግን አልነገርኩሽም። ለአንቺ የነገርኩሽ ተረት ነው።

ያን ቀን አስታውሺው። ወንድምሽ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጦ ዚፑን ሊዘጋ ይታገላል። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ «አባዬን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው» እያልሽ ታለቅሻለሽ። እኔ ደግሞ ልቅሶ ሲሆን ምላሴ እንደሚፈታ ታውቂያለሽ። ቀለበቱን ጣትሽ ላይ አደረግኩና «ይህ ድንጋይ የቆረጠውን እጅ አይረሳም። ይህ እጅ ደህና እስከሆነ ድረስ ይነድዳል። ከጠፋ ያኔ አስቢ፤ እስከዚያ ግን ስለ እኔ አንዲት ሐሳብ እንዳታስቢ» አልኩሽ። እዚያው ቆሜ ነው የፈጠርኩት፤ ማንም አልነገረኝም። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ይነግሩኝ የነበረው ሌላ ነው፤ ቀስተ ደመና ሰማይ ላይ መቆም ሲሰለቸው ወርዶ ድንጋይ ውስጥ ይተኛል ይሉ ነበር። ይህን ድንጋይ ሙሽራ ካደረገችው ትዳሯ አይረጋም የሚል ገዢም አጋጥሞኛል። ሌባ ከያዘው ሰው አያየውም ያለኝም ነበር፤ ለእሱ «እንግዲያው ከሱቁ ሳትወጣ ክፈለኝ» አልኩት። እኔ ራሴ ለሙሽራ ፍቅር ያጸናል እላለሁ፣ ለነጋዴ ዕድል ይከፍታል እላለሁ፣ ለደካማ ልብ ያበረታል እላለሁ። ከተረቶቼ ሁሉ አንዱንም አምኜው አላውቅም ነበር።

ድንጋዩ ተረት እንደማያስፈልገው ግን አውቅ ነበር። ታስታውሻለሽ፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ አጠገቤ ቆመሽ ገና ያልተፈተሸውን ድንጋይ ስከፍት ታዪ ነበር? ከላይ ቡናማ ቅርፊት ነው፤ ወድቆ ብታገኚው የምትረግጪው ነው። ቅርፊቱ ትንሽ ሲነሳ ከሥሩ አንዲት አረንጓዴ ትታያለች። እጅሽን ስታዘነብዪ አረንጓዴዋ ትሸሽና ብርቱካናማ ትመጣለች፤ ትንሽ ስታዞሪው ቀዩ ከመሃል ይነሳል፤ መልሰሽ ስታዞሪው ምንም ያልነበረ ይመስላል። የቀለበትሽ ድንጋይ ደግሞ ከእነዚያም ይለያል፤ ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቀለም ይይዛል። እንዲህ ያለ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። አንዱን ሸጥኩት፤ ሌላው ያንቺ ነው።

አሁን ደግሞ አንቺን ልያዝሽ። ቢሮ ነው የምሠራው ብለሽናል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ የተነሣሽውን ፎቶም ልከሻል፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ልጄ፣ ወረቀት ድንጋይ አያጠፋም። ሰው በቀን አምስት ጊዜ እጁን ቢታጠብም ጠርዙ ደብዘዝ ይላል እንጂ እንዲህ ወዲያ ወዲህ የሚያሳይ መስታወት አይሆንም። እንዲያ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲውል ነው። ጠረጴዛው ውሃ ውስጥ ያለ ምን ዓይነት ቢሮ ነው? የፎቶው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። የሰው ሳህን ይሁን የሰው ልብስ የምታጥቢው እሱንም አልጠይቅሽም። አልተቆጣሁም። እጅሽን አሰብኩት እንጂ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና የተላጠ እጅሽን። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል ይላሉ፤ ያንቺ ድንጋይ ላይ ጠራ።

ይህን መጀመሪያ ያወቀው ደግሞ እኔ አይደለሁም። ወንድምሽ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብለት «አባዬ፣ ይህቺ ልጅ ሳህን እያጠበች ነው» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንግዲህ አንቺ ዋሽተሽናል። እኔም ዋሽቼሻለሁ፤ የኔ ተራ ነው።

ያን ድንጋይ የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። አንቺ ከመሄድሽ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ዓይኔ አረንጓዴውን ከሰማያዊው መለየት እየተሳነው ነበር። አልተናገርኩም፤ ቆራጭ ዓይኔ ደከመ ካለ ማን ድንጋይ ያምነዋል? ወንድምሽ ውስጥ ይቆርጣል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ክፍል ተቀምጬ ከገዢ ጋር አወራለሁ፤ ድንጋዩ ሲወጣ «የኔ እጅ ነው» እላለሁ። ያንቺንም እሱ ነው የቆረጠው። አንድ ወር ሙሉ ነው የለፋበት፤ ያችን የማር ሰፈፍ ሳትጎድል ለማውጣት በቀን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይነካትም ነበር። በራችን ላይ አንቺ «አመሰግናለሁ አባዬ» ብለሽ አንገቴ ላይ ስትጠመጠሚ እሱ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። አየሁት፤ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጠቀሰኝና «አንቺ ብቻ ጠብቂው፤ ሽማግሌው ዓይኑን የጨረሰው ላንቺ ብሎ ነው» አለሽ።

ስለዚህ ልጄ፣ በእኔው ተረት ከሄድን ድንጋዩ ስለ እኔ አይደለም የነገረሽ።

ወንድምሽ ታሟል። ታሟል ብቻ ብዬ ብተወው ደስ ባለኝ። ሐኪሙ የሚድን አይደለም ብሏል።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትይኛለሽ። ስልኩ የእሱ ነው፤ ከትራሱ ሥር አይጠፋም፤ ስትደውዪም መጀመሪያ እሱ ነው የሚያነሳው። ሁልጊዜ ወሬውን አሳጥሮ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ አባዬን ላቅርብልሽ» የሚልሽ ሥራ ስላለው አይደለም፤ ትንፋሹ ከዚያ በላይ ስለማያስኬደው ነው። አንቺ «ሰውዬው ኮርቷል» እያልሽ ትስቂበት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሁሉንም ልንገርሽ፤ የምናዘዝለት ሰው የለኝም።

እኛ እንዴት እንደምንቆርጥ ታውቂያለሽ። ሌላው ቆራጭ ሁሉ በውሃ ነው የሚቆርጠው፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ግን ይህ ድንጋይ ውሃ ሲነካው እሳቱ ይደበቃል፤ ቆራጩ ምን እንደሚቆርጥ አያይም፤ እንደ ዕውር ይዳብሳል። ለዚህ ነው አስቀድመው በእርሳስ ምልክት የሚያደርጉት፤ ትንሽ ቆርጠው እስኪደርቅ ቀናት ያስቀምጡታል፤ ደግሞ ይመለሱበታል። እኔ ትዕግሥት አልነበረኝም። የውሃውን ቱቦ ነቅዬ ጣልኩትና በደረቁ መቁረጥ ጀመርኩ። እሳቱን ዓይን ለዓይን እያየሁ፣ ድንጋዩ እንዳይግል በየጥቂቱ ሙቀቱን በከንፈሬ እየለካሁ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ሌላው በሳምንት የሚጨርሰውን በአንድ ቀን አወጣው ነበር፤ ደግሞም ይበልጥ ያምር ነበር። «ደረቁ» ብለው ስም ያወጡልኝ ያኔ ነው። እናታችሁ «ስሙ ለጠባዩ ነው የወጣው፤ ድንጋዩን ምን አመካኛችሁ» ትል ነበር። እኔ ግን በስሙ እንደ ሹመት ነበር የምንጎራደድበት። እናታችሁ ይህን ሳታይ ማረፏን አሁን ነው የማመሰግነው።

አቧራው ይበዛ ነበር። ዱቄት ነው፤ ነጭ፣ ቀላል፣ አየር ላይ የሚቆይ። መስኮቱን ከፍተን እንሠራ ነበር። ታዲያ ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ መጡ። «ጋሼ፣ አንሶላዬ ወፍጮ ቤት የዋለ መሰለ እኮ! ወይ መስኮቱን ይዝጉልኝ ወይ እኔ ከዚህ ልነሳ» አሉኝ። ጎረቤት ማስቀየም አልወድም፤ ያውም እሳቸውን። መስኮቱን ዘጋሁት፤ ንፋስ እየከፈተው ሲያስቸግር በምስማር መታሁት። አንሶላቸው ነጭ ሆኖ ቀረ። በአንሶላው ፋንታ አቧራው የቀረው የልጄ ሳንባ ላይ ነው።

ወንድምሽን «ፉጨት» ብላችሁ የጠራችሁት አንቺና እናትሽ ናችሁ። ሲቆርጥ ካላፏጨ እጁ አይሄድለትም ነበር። ሌሎቹ ቆራጮች አፋቸውን በጨርቅ ያስራሉ፤ እሱም አንድ ሰሞን አስሮ ነበር። እኔ ነኝ ያስጣልኩት። «ምን ሆነህ ነው እንደ ሽፍታ የተሸፋፈንከው? እኔ ሠላሳ ዓመት የቆረጥኩት በባዶ ፊት ነው» አልኩት። ሳቀና ፈታው። ለማፏጨትም አላመቸውም ነበርና ደስ አለው። ልጄ፣ ይህችን ጨርቅ በቀን ስንት ጊዜ መልሼ እንደማስራት አትጠይቂኝ።

ከዓመት በፊት ማሳል ጀመረ። ብርድ ነው አልን። ሽሮፕ ጠጣ። ቀጥሎ ደረጃው መሃል ላይ መቆም ጀመረ፤ «ሰማዩን እያየሁ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ክፍል ከነጋዴው ጋር ስናወራ ማሽኑ ይሰማኛል፣ ፉጨቱ ግን የለም። ወሬዬን አቋርጬ «ምን ሆንክ?» ብዬ ጮኽኩ። «አዲስ ዜማ እያሰብኩ ነው» አለኝ። ነጋዴው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አላፏጨም።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «አባት፣ ልጅዎ ምንድነው ሥራው?» አለችኝ። «የከበረ ድንጋይ ቆራጭ ነው» አልኳት። «በውሃ ነው በደረቁ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስ አለኝ፤ ታውቂኛለሽ። ደረቴን ነፍቼ «በደረቁ! እዚህ አገር በደረቁ የምንቆርጥ እኛ ብቻ ነን» አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ የደረቱን ፎቶ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጥቁር ላይ የተዘራ ነጭ ነጥብ ነው፤ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ሳላስበው እጄ ፎቶውን ማዘንበል ጀመረ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፤ እሳቱ ከየት እንደሚነሳ ለማየት። ወንድምሽ አየኝ። «ተወው አባዬ፣ ይሄኛው ቀለም የለውም» አለኝ።

የገባው እንደማይወጣ ነገረችን። መድኃኒቱ ለማስታገሻ ነው። እሱን ኮሪደር ላይ ትቼ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁና «ስንት ጊዜ?» አልኳት። «ዓመት አልልዎትም፤ በወር ነው የምንቆጥረው» አለችኝ። ይህ ከሦስት ወር በፊት ነው። የእኔንም ደረት ፎቶ አነሳችው። እኔም ጋ ነጥብ አለ፤ ግን ጥቂት ናት፤ ዕድሜዬን ታደርሰኛለች አለች። እንዴት አታደርሰኝ፤ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት እኔ ከቆረጥኩት ያወራሁት ይበልጣል። እኔ በንጹህ አየር ተቀምጬ ስዋሽ እሱ ውስጥ እውነቱን ሲተነፍስ ነበር። ይህን ዓይነት ምሕረት ማን ለመነ? ወስዶ ለእሱ በሰጠው።

መስኮቱን ከፈትኩት። ምስማሩን በጉጠት ነቀልኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጎረቤታችን አሁን የወንድምሽን አንሶላ ሳይጠየቁ ወስደው ያጥቡልናል፤ አጥፈው ሲያመጡ በመስኮቱ በኩል አያዩም። «ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው» አሉኝ አንድ ቀን። «እትዬ፣ የቆረጠው የእኔ ማሽን ነው፤ የእርስዎ ምላስ አይደለም» አልኳቸው። ማጽናናት እንኳ አልቻልኩበትም፤ አብረን ቆመን አለቀስን። ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ያልተቆረጠው ድንጋይ በሣጥኑ እንዳለ ነው። ነጋዴው «ጋሼ፣ አንዱን እንኳ ቢያዩልኝ» ሲለኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ድንጋይ የሚያምር ነገር አላየሁም ነበር፤ አሁን ሳየው ያስጠላኛል፤ ያ ሁሉ ቀለም የማን ትንፋሽ እንደሆነ አውቃለሁና።

ወንድምሽ ሦስት ትራስ ተደግፎ ነው የሚውለው። ከስቷል፤ ጢሙን ትቶታል፤ «ቄንጥ ነው» ይላል። አላጋንንልሽም፣ አላሳንስልሽም፤ ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። «ከነገርካት ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ መልሰው አያስገቧትም። አንድ ሰው እንኳ ከዚህ አቧራ ይውጣ» አለኝ። ማልኩለት። አሁን መሐላዬን እያፈረስኩ ነው። ውሸቴን ሁሉ ሲሸፍንልኝ የኖረ ልጅ፣ አንዱን እውነተኛ ቃሌን አፈረስኩበት።

ደብዳቤሽን ሳነብለት መጀመሪያ ሳቀ። «ድንጋዩ እኔን ነው እንዴ የሚጠራው? አባዬ፣ ተረትህ ሠራ እኮ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ሲያበቃ የነገርኩሽን የሳህኑን ነገር ተናግሮ ወደ ግድግዳው ዞረ። ብዙ ቆይቶ «ውሃ ጠጥቶ ነው በላት። በችኮላ እንዳታደርቀው፤ ይሰነጠቅባታል። አደራ» አለኝ። ስለ ራሱ አደራ ብሎኝ አያውቅም።

ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ነይ ብልሽ የእሱን ቃል እሰብራለሁ፤ ቅሪ ብልሽ ዕድሜሽን ሁሉ ትወቅሺኛለሽ። ለአንዱ ልጄ እንዲህ አድርግ ብዬ አዝዤ ያደረስኩበትን አየሁ፤ ከእንግዲህ ማንንም አላዝም። አንዲት ነገር ግን እለምንሻለሁ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ቀለበቱን አውልቂው። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊውና ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጪው። ፀሐይ አታሳዪው፣ ማሞቂያ አጠገብ አታድርጊው፤ በአንዴ ከደረቀ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ የተሰነጠቀ አይመለስም። ከዚያ ወንድምሽ ጋ ደውዪና እንዳላወቅሽ ሁኚ። «የድንጋዬ እሳት ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?» በይው። አሁን የነገርኩሽን ሁሉ እሱ እንደገና ይነግርሻል። አታቋርጪው። መሃል ላይ ሲያርፍ «መስመሩ ነው» ይልሻል፤ አዎ መስመሩ ነው በይው። ሙያውን ሲያስረዳ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ትሰሚዋለሽ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ስደሰኩር አንድ ቀን እንኳ እንዲናገር ዕድል አልሰጠሁትም። ያን ድንጋይ የቆረጠው እሱ መሆኑን ማወቅሽንም ከቻልሽ አንድ መንገድ ፈልገሽ ንገሪው። እኔን ክሰሺኝ፤ ያስቀዋል።

በስምንት ወይ በአሥር ቀን ይደርቃል። መጀመሪያ ወተት ይመስላል፤ ከቀድሞው የባሰ መስሎሽ እንዳትደነግጪ። ቀጥሎ አረንጓዴው በጠርዙ ይመጣል፤ ከዚያ ሰማያዊው፣ ከዚያ ብርቱካናማው። ቀዩ መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ከመሃል ነው የሚነሳው። በየቀኑ እየደወልሽ የመጣውን ንገሪው። ወተቱን ንገሪው፤ አረንጓዴው ሲመጣ ንገሪው፤ ሰማያዊው በየትኛው ክፍል እንደታየ ንገሪው። እያንዳንዷን ክፍል በእጁ ነው ያወጣት፤ ያውቃታል።

ቀዩ ሲመጣ ግን እንዳትነግሪው። በአሥረኛው ቀን ቢመጣ «ገና ነው» በይው። በሃያኛው ቀን ቢጠይቅሽ «ገና ነው» በይው። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከእኔም ከአንቺም ይበልጥ ያውቃል፤ ቢሆንም አያጋልጥሽም፤ በሩ ላይ እኔን እንዳላጋለጠኝ። ብቻ ነገ የሚጠብቀው ነገር ይኑረው።

ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እጅሽን ከሙቅ ውሃ፣ ልብሽን ከእኔ ዓይነቱ ብልጠት ይጠብቅልኝ። የምታስሪውን ጨርቅ የሚያጠብቅልሽ እንጂ የሚያስፈታሽ ሰው አያጋጥምሽ። በሄድሽበት ሁሉ የሚከፈት መስኮት ይስጥሽ፤ አሜን።

አደራሽን፤ ቀዩ ገና ነው።

አባትሽ